ካርታውን መሬት ላይ ዘርጉት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፣ ከባቲና ከሐይቅ የደረሱን ደብዳቤዎች ዙሪያቸውን ቢዞሩም የሚመለሱት ወደ አንድ ጉዳይ ነው። ከተሞቻችን በኮሪደር ልማት፣ በካሜራና በስልክ መተግበሪያ እየታደሱ ነው። ዕቅዱ ሲነደፍ ግን የቀን ሠራተኛው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ አካል ጉዳተኛው፣ ተከራዩና ተፈናቃዩ የት ናቸው? ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የሕዝብ ተሳትፎ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ለአንድ የመንገድ ዳር ልማት የተዘጋጀውን ዲዛይን አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ አቅርበን ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፣ አበል ተከፍሏል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል። የተናገሩት ግን ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ስድስቱም መንገድ ዳር ሕንፃ ያላቸው። ተሸካሚ፣ የጉልት ነጋዴ፣ የቤት ሠራተኛ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ትልቁ ጥፋት ቀኑ ላይ ነው። ያለቀ ዲዛይን ይዛችሁ ስትቀርቡ ሰው የሚመልስላችሁ «ጥሩ ነው» ብሎ ነው፤ ሌላ ምን ይበል? በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ፕላን ሁለት እርከን አለው። መዋቅራዊ ፕላኑ የከተማውን ጠቅላላ መልክ ለ10 ዓመት ይወስናል። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ደግሞ ሰፈር ድረስ ወርዶ የመንገዱን ስፋት፣ የሕንፃውን ከፍታ፣ የገበያውን ቦታ ይቆርጣል። ድሃው በቀጥታ የሚነካው በሁለተኛው ነው። ስለዚህ የምትገቡበት ጊዜ የአካባቢ ልማት ፕላኑ መነሻ ጥናት ሲጀመር፣ ነዳፊው የመጀመሪያዋን መስመር ሳያሰምር ነው። ጨረታ ወጥቶ ተቋራጭ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ሊያስቀይር የሚችለው የንጣፉን ቀለም ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ቦታው ነው። አዳራሽ የለመደው ሰው አዳራሽ ይናገራል። ወሎ ውስጥ ከአዳራሽ የተሻለ ነገር አለ፦ ቅሬ (ሌላው አገር እድር የሚለው)። ሀብታምና ድሃ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ላይ የሚቀመጥበት፣ ሰው የሚተማመንበት ነው። ግን ቅሬን መድኃኒት አድርጋችሁ አትውሰዱት። የቅሬው መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ በአባወራ ስም ስለሆነ ሚስት፣ ተከራይ፣ የቤት ሠራተኛና ትናንት የመጣ ተፈናቃይ አይታዩበትም። ጎዳና የሚያድረው ከነጭራሹ የለም። ከቅሬው መዝገብ ጎን «እዚህ ውስጥ ያልተጻፈው ማነው?» የሚል ሌላ ወረቀት አዘጋጁ፤ የቅሬውን ጸሐፊ ራሱን ብትጠይቁት በደቂቃ ውስጥ አሥር ዓይነት ሰው ይቆጥርላችኋል።

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ሂዱ። ተሸካሚ የሚገኘው መናኸሪያ ነው፤ የጠዋቱ አውቶቡስ ከወጣ በኋላ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ አናግሩት። የቤት ሠራተኛ ቦኖ ውሃና ወፍጮ ቤት ትገኛለች፤ ቤት ድረስ ሄዳችሁ አሠሪዋ ፊት ከጠየቃችኋት የምትሰሙት የአሠሪዋን ሐሳብ ነው። የሚለምኑ አረጋውያን ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በር ላይ ናቸው። አንዱ ቡድን ከ8 እስከ 12 ሰው ይሁን፤ ከዚያ ሲበዛ ሁለት ሰው ተናግሮ ሌላው ያዳምጣል። ሴቶችን ሴት አወያይ ለብቻቸው ታነጋግራቸው። ከ90 ደቂቃ አይለፍ። የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ከሥራ ሲቀር የልጆቹን ራት እየተወ ስለሆነ በአካባቢው የግማሽ ቀን ዋጋ ይከፈለው፤ ይህም አስቀድሞ ይነገረው። አበል ስብሰባ የለመዱ ሰዎችን ይጠራል የሚለው ስጋት እውነት ነው። መፍትሔው አበሉን ማስቀረት ሳይሆን ጥሪውን በማስታወቂያ መለጠፍ ትቶ ሥራ ቦታው ላይ ሰውየውን በስሙ መጥራት ነው።

አሁን ካርታው። በኤዜሮ ወረቀት (84 በ119 ሴንቲ ሜትር) በ1፡500 መጠን ካሳተማችሁት 420 በ595 ሜትር የሚሆን ሰፈር ይይዛል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር 5 ሜትር ነው። በዚህ መጠን ሰው የራሱን ቤት ጣሪያ ያገኛል። በ1፡2000 ካሳተማችሁት አያገኝም፤ ቤቱን ያላገኘ ሰው ደግሞ አይናገርም። ከላይ የተነሣ ፎቶ ከመስመር ካርታ ይሻላል። መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ወፍጮውን፣ የታወቀውን ትልቅ ዛፍ በጉልህ ጻፉበት። ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ ሲሰቀል እንጨት የያዘ አንድ ሰው አስተማሪ ይሆናል፣ ሌላው ተማሪ። ወለል ላይ ዘርጉትና ሰሜን ወደ ላይ ይሁን የሚለውን ደንብ ተዉት። የጦሳ ተራራ በካርታው ላይ ያለበትን ጎን ወደ እውነተኛው ጦሳ አዙሩት፤ ማንበብ የማይችል ሰው አቅጣጫውን ወዲያው ይይዘዋል።

እስክሪብቶ አታድሉ። እስክሪብቶ የያዘ የተማረ ወጣት ስብሰባውን ይወስደዋል። በምትኩ ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ቁጥር ያለው እህል ስጡ፦ ለምሳሌ 5 ባቄላ «ብዙ የምትውሉበት» ቦታ ላይ፣ 5 ሽምብራ «የምትፈሩት ወይም የምትሸሹት» ቦታ ላይ፣ 3 ምስር «ቢነካ የምንጎዳበት» ቦታ ላይ። እህሉ ሳይነሳ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ የቡድኑን ቁጥር ጻፉበት፣ በዚያው ቀን ወደ ኮምፒውተሩ ካርታ አስገቡት። ሲያድር ከወፍጮው ጎን የተቀመጠችው ምስር ስለ ምን እንደነበረች ማንም አያስታውስም። እና አንድ ነገር፦ የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባውን ከፍቶ ይውጣ። ጥሩ ሰው ቢሆንም ይውጣ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ እሠራለሁ። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተናል፤ በግቢው አሥር እንዲህ ያለ ክፍል አለ፣ መጸዳጃው ግን አንድ ነው። ቅሬታ ለማቅረብ ስንሄድ «በመተግበሪያ ነው የምንቀበለው» ተባልን። የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት። ለእኛ ዓይነቱ ምን መንገድ አለ?

መልስ፦ እህታችን፣ አብሽሪ፤ ጉድለቱ ከስልክሽ አይደለም። በመተግበሪያ ብቻ የሚሰበሰብ ቅሬታ የሚያሳየው ዘመናዊ ስልክ ያለበትን ሰፈር ነው። የአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ የመንገድ ጉድጓድ በስልክ ንዝረት የሚመዘግብ «ስትሪት በምፕ» የተባለ መተግበሪያ ስትሞክር ይኸው ስጋት ተነሣ፦ ስልክና መኪና ባለባቸው ሰፈሮች ጉድጓድ በዝቶ ሊታይ፣ የድሆችና የአረጋውያን ሰፈር ደግሞ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። የከተማው ባለሙያዎች ይህን ስህተት የሚይዙበት ቀላል ስሌት አለ። ከየቀበሌው የመጣውን ቅሬታ ብዛት በቀበሌው ነዋሪ ብዛት ያካፍሉት። ከሁሉም ያነሰ ቅሬታ የመጣበት ቀበሌ መጀመሪያ በእግር መኬድ ያለበት ነው።

ለባለ ቁልፍ ስልክ ሦስት መንገድ አለ፤ ከተማው ሦስቱንም ቢያዘጋጅ መልካም ነው። የመጀመሪያው ሰዎች ለቴሌብር *127# ብለው የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ማንኛውም ስልክ ላይ ይሠራል። ችግሩ ቶሎ ካልተመለሰለት ይዘጋል። ስለዚህ ከአራት እርምጃ አይብለጥ፣ በአንድ ገጽ ከአምስት ምርጫ አይብለጥ። ሁለተኛው አጭር መልእክት ነው። እዚህ ላይ ብዙ መሥሪያ ቤት የሚስተው ነገር አለ፦ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፣ በግእዝ ፊደል ግን 70 ብቻ። 71ኛው ፊደል ሲጻፍ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ዋጋውም እጥፍ ይሆናል። «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች» ብሎ የጀመረ መልእክት ገና ሰላምታው ላይ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን በልቷል። ሦስተኛውና ማንበብ ለማይችል ሰው የሚሆነው የድምፅ መስመር ነው፤ በነፃ የሚደወልበት፣ የተቀዳ ድምፅ የሚያስተናግድበት። ሲቀዳ ጉዳዩ ይቅደም፣ ቁጥሩ ይከተል፦ «ለውሃ፣ አንድን ይጫኑ»። «አንድን ሲጫኑ ለውሃ» ከተባለ ሰው ቁጥሩን ረስቶ እንደገና ይደውላል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰፈር ውስጥ በተገኙ አምስት አሮጌ ስልኮች ይሞከር፤ አንዳንዱ ስልክ ግእዙን በካሬ ሳጥን ይተካዋል።

አንድ ስልክ ለአራት ሰው ሲሆን ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። ስለ ትንኮሳ ያመለከተች ልጅ ስልክ ላይ የቅሬታዋ ሙሉ ቃል ተመልሶ ከመጣ አብረዋት ያሉት፣ ምናልባትም የተከሰሰው ሰው፣ ያነበዋል። መልሱ የመዝገብ ቁጥር ብቻ ይሁን።

እናንተ አሁን ማድረግ የምትችሉት ይህን ነው። ከግቢው አንድ ሰው ወክሉ፤ በአካባቢው ያሉ ግቢዎች እንዲሁ ያድርጉ። ክፍል፣ ሰውና መጸዳጃ ቁጠሩ። የእናንተ ስሌት 10 ክፍል በ4 ሰው፣ 40 ሰው ለአንድ መጸዳጃ ነው። ዕርዳታ ሰጪዎች በአደጋ ጊዜ የሚመሩበት ስፌር የተባለው መለኪያ እንኳ 20 ሰው ለአንድ መጸዳጃ ይላል። ይህን ቁጥር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ የቤቱን አከራይ ሳትከሱ፣ ለከተማው ፕላን ክፍል አስገቡ፤ ግልባጩ ላይ ማህተም አስደርጉበት። ፕላን ክፍሉም ቢሆን እናንተን ሊያገኛችሁ ከፈለገ በሥራ ሰዓት ቀበሌ አይጥራችሁ፤ ፈረቃ ሲቀየር ሰርቪስ የምትጠብቁበት ቦታ ይምጣ።

ጥያቄ፦ ልጄ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። ወልዲያ ውስጥ አንድ አዲስ ሕንፃ በር ላይ ራምፕ ተሠራ ሲባል ደስ ብሎን ሄድን፤ ሁለት ሰው ገፍቶም አልወጣችውም። ተሠርቷል ከተባለ ምን ብለን እንከራከር?

መልስ፦ በቁጥር ተከራከሩ። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ከ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ጀምሮ ታዝዟል። «ራምፕ» የሚባለው ደግሞ ያዘመመ ሲሚንቶ ሁሉ አይደለም። በሰፊው የሚሠራበት ልክ 1 ለ12 ነው፦ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት። የአንድ ደረጃ ከፍታ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ይፈልጋል። አምስት ደረጃ ከሆነ ከፍታው 75 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 9 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ መሃል ላይ 1 ሜትር ተኩል የሚሆን ደልዳላ ማረፊያ ያስፈልጋል። ተቋራጮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ሕንፃው ካለቀ በኋላ የቀረችውን ሁለት ሜትር ቦታ አይተው አምስቱን ደረጃ እዚያው ላይ ያዘምሙታል።

ለመለካት መሐንዲስ መጥራት አያሻም። ቀጥ ያለ የ1 ሜትር ጣውላ፣ ውሃ ልክና ሜትር ያዙ። ጣውላውን ራምፑ ላይ ወደ ላይ አቅጣጫ አስተኙት፣ የታችኛውን ጫፍ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል አንሱ፣ ከጫፉ እስከ ወለሉ ያለውን ክፍተት ለኩ። እስከ 8.3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ልክ ነው። 10 ከሆነ የሚገፋ ሰው ይፈልጋል። 15 እና 20 ካገኛችሁ እሱ መንሸራተቻ ነው፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ጣውላውን ከነሜትሩ ፎቶ አንሱና ከማመልከቻው ጋር አያይዙ። ከዚያ ስፋቱን (ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ 120 ቢሆን ይመረጣል)፣ በሁለቱም ጎን ከ85 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መደገፊያ መኖሩን፣ በሩ ፊት ወንበር የሚዞርበት 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል መኖሩን እዩ። ያብረቀረቀ ሴራሚክ ክረምት ላይ ያንሸራትታል፤ ሻካራ ልስን ይሻላል።

ስለ እግረኛ መንገዱም እንጨምር። ኮብልስቶን ለተሽከርካሪ ወንበር ሥቃይ ነው፤ 120 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ለስላሳ መስመር ይተውለት። የውሃ መውረጃ ክዳን ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር ከሰፋና ከመንገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከሄደ የፊት ጎማውን ይውጠዋል። ለዓይነ ስውራን የሚነጠፈው ቢጫ ንጣፍ ቋንቋ አለው፦ ዘንግ «ሂድ»፣ ነጠብጣብ «ቁም»። እንደ ጌጥ ሲነጠፍ ግን ሰውን መብራት ምሰሶ ድረስ ይወስደዋል። ከ2 ሜትር ከ10 በታች የተንጠለጠለ የሱቅ ታፔላም በነጭ በትር አይገኝም፤ የሚገኘው በግንባር ነው።

ደሴና ወልዲያ ዳገት መሆናቸውን አንረሳም። መንገዱ ራሱ በመቶኛ 15 የሚያዘቅዝቅ ከሆነ በእግረኛ መንገድ ላይ 1 ለ12 ማግኘት አይቻልም፤ ይቻላል የሚል ዲዛይነር ካርታውን እንጂ ዳገቱን አላየም። እንዲህ ባለ ቦታ ክፍያ፣ ክሊኒክና ቀበሌን የመሰለ አገልግሎት ከዳገቱ ላይም ከታችም ማስቀመጥ፣ በሁለቱም ጫፍ የባጃጅ ማቆሚያ መስጠት፣ ደረጃዎቹን እኩል ከፍታ አድርጎ መደገፊያ መትከል ይቀድማል። የኮሎምቢያዋ ሜዴሊን ዳገት ላይ ለሰፈሩ ድሆች እ.ኤ.አ. በ2004 የኬብል መኪና፣ በ2011 ደግሞ ኮሙና 13 በተባለው ሰፈር ከቤት ውጭ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ዘርግታለች። ቴክኖሎጂውን ያስመረጠው ዳገቱ ነው።

ጥያቄ፦ ባቲ ውስጥ የዳሰሳ ጥናት መጠይቅ በአማርኛ ብቻ መጥቶ ነበር። ሰኞ ገበያ የሚመጣው አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው እንዴት ይጠየቅ?

መልስ፦ ሰኞን ተጠቀሙበት፤ ግን ገበያተኛውን ከነዋሪው ለይታችሁ መዝግቡ፣ ግመልና ፍየል ይዞ የሚመጣው ሰው የሚፈልገው የገበያውን ውሃና ጥላ እንጂ የሰፈሩን መንገድ አይደለም። መጠይቁን ከመተርጎም ጥያቄዎቹን በየቋንቋው በድምፅ ቀድቶ በስልክ ማሰማት ይቀላል። ትርጉሙን ለማጣራት ቅጂውን ለሌላ ሰው አሰሙትና በአማርኛ መልሶ ይንገራችሁ፤ «ፍሳሽ» ያላችሁት «ጎርፍ» ሆኖ ከተመለሰ እንደገና ቅዱ። ተርጓሚው የተጠያቂው ዘመድም የመንግሥት ሹምም አይሁን። በአጭር መልእክት ከሆነ ኦሮምኛና አፋርኛ በላቲን ስለሚጻፉ 160 ፊደል አላችሁ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ አማርኛው ተጎዳ።

ጥያቄ፦ ተፈናቅዬ ሐይቅ አካባቢ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። የቀበሌ መታወቂያ የለኝም። በድንጋይ ሥራ ጣቴ አልቆ ፋይዳ ስመዘገብ መሣሪያው አሻራዬን አላነበበም። መታወቂያ ከሌለኝ በከተማው ዕቅድ ውስጥ ቦታ የለኝም ማለት ነው?

መልስ፦ ሦስት ነገር ተደባልቋልና እንለየው።

ፋይዳ ማንነትን ያረጋግጣል፤ የነዋሪነት ማስረጃ አይደለም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 የወጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ባለው ምስክር አማካይነት ሊመዘገብ ይችላል። ሲመዘገቡ የሚወሰደው የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ነው፤ ጣቱ ያለቀ ወይም የተቆረጠ ሰው በዓይኑና በፊቱ ሊመዘገብ ይገባዋል። መዝጋቢው «አይሆንም» ካለ ጣት እንደማይነበብ መዝግቦ እንዲያልፍ ይጠይቁት። ከመሄድዎ በፊት ለሁለት ሦስት ቀን ማታ ማታ ጣትዎን ለብ ባለ ውሃ ነክረው ቫዝሊን ይቀቡ፤ በምዝገባው ሰዓት ግን ቅባቱ ታጥቦ ይድረቅ። ሚስትዎ ከተመዘገቡም ጣታቸው ጫፍ ላይ ሂና ወይም እንሶስላ ካለ ምስሉን ሊያደበዝዘው ስለሚችል እስኪለቅ ቢጠብቁ ጥሩ ነው።

የነዋሪነት ጉዳይ የቀበሌው ነው፤ እሱን በኪራይ ውልና በጎረቤት ምስክር ይግፉበት።

ሦስተኛው፣ ለዕቅድ ሐሳብ መስጠት ነው። ለዚህ መታወቂያ መጠየቅ ከነአካቴው ስህተት ነው። ውሃ የሚጠጣ፣ ቆሻሻ የሚያወጣ፣ መንገድ የሚረግጥ ሁሉ ፕላኑ ውስጥ አለ፤ ካልተቆጠረ ቧንቧው ይጠባል። ለባለሙያዎቹ የምንለው፦ ቆጠራው ምሽት ላይ ይሁን፣ ቀን ተፈናቃይና የቀን ሠራተኛ ቤት አይገኝም። ስም አትጻፉ። የቤቱን ነጥብ ሳይሆን የመንደሩን ቁጥር መዝግቡ። በሠንጠረዥ ስታወጡ ከ10 ሰው በታች የሆነ ቡድን ለብቻው አይታይ፤ በትንሽ ከተማ «ከእንዲህ ያለ ቦታ የመጡ 3 ቤተሰቦች» ማለት ስም ከመጥራት አይለይም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለታወቀ ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ እንዳይሰበሰብ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ካሜራ ይቅደም ወይስ መብራት?

መልስ፦ መብራት። ካሜራ የሆነውን ይቀዳል፤ ያውም ኤሌክትሪክ ካልጠፋና የሚያየው ሰው ካለ። የት የት እንደሚተከል ለመወሰን ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ6 እስከ 8 የሚሆኑ ሴቶች፣ በተለይ አምሽተው ከሥራ የሚገቡ፣ መንገዱን በእግር ይሂዱት። በየ50 ሜትሩ ቆም ብለው ይጠያየቁ፦ 4 ሜትር ላይ ያለውን ሰው ፊቱን እለያለሁ? ብጮህ የሚሰማኝ አለ? የማመልጥበት መውጫ አለ? «የለም» የበዛበት ነጥብ ላይ ምሰሶው ይተከል። መብራት ዛፍ ውስጥ ሲተከል ቅጠሉን ብቻ ያበራል፤ ይህን የሚያዩት በሌሊት የሄዱት ናቸው።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ጉልት ቁጭ ብዬ ሽንኩርትና ቃሪያ እሸጣለሁ (ደብዳቤውን የጻፈልኝ ልጄ ነው)። መንገዱ ሲሰፋ ተነሡ እንባላለን። ካሳ አለን?

መልስ፦ እትዬ፣ እውነቱን ብንነግርዎ ይሻላል። የካሳ አዋጁ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታን ነው በዋናነት የሚመለከት፤ ባለይዞታ ከመነሣቱ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ እንዲመከር ያዝዛል፣ አስቸኳይ ሲሆን ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ጉልት ይዞታ ስላልሆነ በዚያ በር መግባት ይከብዳል። የሚያዋጣው በር ዲዛይኑ ነው፦ ቦታችሁ ሥዕሉ ላይ እንዲገባ ማድረግ።

ለዚያ ቁጥር ያስፈልጋል። መንገዱ ላይ ያሉትን ነጋዴዎች በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዱን በገበያ ቀን ሌላውን በአዘቦት፣ በቀን ሦስት ጊዜ (ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ከ11 ሰዓት በኋላ) ይቁጠሩ። ልጅዎ ስልክ ካለው ኮቦ ቱልቦክስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ይመዘግብለታል (ስሙ ከእኛዋ ቆቦ ጋር ዝምድና የለውም)፤ ካልሆነ ደብተር ይበቃል። የሚሸጠው ዓይነት፣ የያዘው ቦታ በሜትር፣ ጥላና ውሃ መኖሩ ይጻፍ። አንዲት ጉልት ነጋዴ ከነዕቃዋ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ትይዛለች፤ ከፊቷ ገዢ የሚቆምበት 60 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ80 ይሆናል። የእግረኛ መንገዱ 4 ሜትር ከሆነ ለአላፊ አግዳሚ 2 ሜትር ከ20 ይተርፋል፤ ይበቃል። 3 ሜትር ከሆነ አይበቃም፣ ያኔ የጎን መንገድ ወይም የተወሰነ ሰዓት ይጠየቃል። አዲስ ቦታ ሲሰጣችሁ ከእግረኛው መስመር ከ50 ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ከገባ ተጠንቀቁ። ብዙ የተሠራ ሼድ ባዶውን የሚቀረው በዚህ ነው፦ ገዢው ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ካላየው አይገዛም፣ ሻጩም ተመልሶ መንገድ ላይ ይወጣል፣ ደንብ አስከባሪም ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ሐሳብ ሰጥተን እንመለሳለን፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። የት እንደደረሰ በምን እንወቅ?

መልስ፦ ገና ስብሰባው ላይ ሳላችሁ የሚመለስበትን ቀን አስቆርጡ፤ 15 ቀን በቂ ነው። ለእያንዳንዱ ሐሳብ ቁጥር ይሰጠው። በ15ኛው ቀን ቀበሌው በር ላይ ሦስት ረድፍ ያለው ሰሌዳ ይለጠፍ፦ የጠየቃችሁት፣ የተደረገው፣ ያልተደረገው ከነምክንያቱ። «በጀት የለም» የሚል ምክንያት ከዋጋው ጋር ካልተጻፈ አትቀበሉት፤ ዋጋውን ስታውቁ ግማሹን በጉልበት ወይም በሌላ መንገድ ልትሸፍኑት ትችሉ ይሆናል። ደሴ እ.ኤ.አ. በ2016/17 የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት የመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች ውስጥ ነበረች፤ የሕዝብ ሥራ በሰው ጉልበት ማሠራት እዚያ አዲስ ነገር አይደለም። ማንበብ ለማይችሉት ሰሌዳው ቅሬው ሲሰበሰብ ይነበብ።

የመጨረሻው ማጣሪያ መሬት ላይ ነው። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት መሐንዲሱ የመንገዱን፣ የቦዩንና የምሰሶዎቹን ቦታ በኖራ ያስምር። ካርታው ላይ ባቄላ ያስቀመጡት እነዚያው ሰዎች ተጠርተው በመስመሩ ላይ ይሂዱ፤ በወንበር የሚሄደው በወንበሩ፣ በበትር የሚሄደው በበትሩ። ብዙ ስህተት የሚገኘው እዚህ ነው፦ ቦዩ በሰው በር ላይ ሲያልፍ፣ ምሰሶው ራምፑ አፍ ላይ ሲቆም፣ የጉልቱ ቦታ ፀሐይ ላይ ሲውል። እርማቱ በዚህ ቀን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ አዲስ ጨረታ ነው። መስመሩ ከተሰመረ እስከ ቁፋሮው ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ። ክረምት ከሆነ ኖራውን ዝናብ ስለሚያጥበው ችካልና ሲባጎ ተጠቀሙ፤ ችካሉንም ቀይ ቀቡት፣ ካልሆነ ለማገዶ ይነቀላል።